አገራችንን እንወቅ፦ የቤተሰብ ዕረፍት በላንጋኖ ሐይቅ ዳር

በዚህ ዓምድ በየጊዜው አንድ የአገራችንን ቦታ እናያለን። ዛሬ የምናየው ሰው የሚያርፍበትን ቦታ ነው።

ሥራን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድና መውቃት እናውቃለን። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መፍጨትና መጋገር እናውቃለን። ዕረፍትን ግን ምን ያህል እናውቀዋለን?

በማታው ክፍል አንድ አባት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦

«አስተማሪ፣ የከተማ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ጫካ ይሄዳል ይባላል። እዚያም ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ያድራል ይባላል። ዘመድ ሊጠይቅ አይደለም። ገበያ ሊወጣ አይደለም። ለቅሶ ሊደርስ አይደለም። ታዲያ ምን ሊሠራ ነው የሚሄደው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የቁም ነገር ጥያቄ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ሊያርፍ ነው የሚሄደው። «ለማረፍማ ቤት አለ አይደል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ አብረን እንየው።

መሬትም ያርፋል

የዕረፍትን ጥቅም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። በየዓመቱ ያለ ዕረፍት የሚታረስ መሬት ይደክማል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ስለዚህ መሬት የሚበቃው ገበሬ አንዱን ማሳ ጾም ያሳድረዋል። ጾም ያደረ መሬት በሚቀጥለው ዓመት ጥሩ አድርጎ ያበቅላል። በሬም ቢሆን ፀሐይ ሲበረታ ከቀንበር ይፈታል። ውኃ ይጠጣል፣ ሣር ይግጣል፣ ያመሰኳል። በሬውን ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠምድ ሰው ውሎ አድሮ በሬውን ያጣል።

መሬትና በሬ ካረፉ ሰውስ? ሰው በእንቅልፍ ብቻ አያርፍም። ሐሳቡም ማረፍ አለበት። ዘወትር አንድ ጓዳ፣ አንድ ደጃፍ፣ አንድ ጭቅጭቅ ብቻ የሚያይ ሰው ሐሳቡ ይዝላል። ቦታ ሲለወጥ ሐሳብም ይለወጣል። ባልና ሚስት ያለ ጥድፊያ ይነጋገራሉ። ልጆችም አባታቸውን በደንብ ያውቁታል። ከቤት ወጥቶ የማረፍ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ለተቀጣሪ ሠራተኛ ዕረፍት በሕግ ተወስኗል። በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ሠራተኛ አንድ ዓመት ሲያገለግል 16 የሥራ ቀን ያርፋል። በነዚህ ቀናት ደመወዙ አይቋረጥበትም። አገልግሎቱ ሲጨምር የዕረፍቱ ቀንም ይጨምራል።

ገበሬ ግን አሠሪ የለውም። የዕረፍት ወረቀት የሚፈርምለት አለቃ የለውም። ቀኑን ራሱ ካልቆረጠ ማንም አይቆርጥለትም።

ወቅቱም ይለያያል። የከተማ ቤተሰብ ለዕረፍት የሚወጣው ብዙ ጊዜ በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች ነፃ ናቸው። ለገበሬ ግን ክረምት የእርሻና የአረም ወቅት ነው። በብዙ ቦታ ገበሬ ፋታ የሚያገኘው እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው።

ላንጋኖ የት ነው?

ላንጋኖ ሐይቅ ነው። የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ስምጥ ሸለቆ ማለት ግራና ቀኙ ከፍ ያለ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ በጣም ረጅም ሸለቆ ማለት ነው። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ ያልፋል። ዝዋይ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተነሣ ሰው ከሰዓት በኋላ እግሩን ሐይቁ ውስጥ ይነክራል።

በምሥራቅ በኩል የአርሲ ተራሮች ይታያሉ። ከነዚህ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ወደ ላንጋኖ ይገባሉ። የሐይቁ ስፋት ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ውኃው ቡናማ ነው፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። መጀመሪያ ያየው ሰው «ቆሻሻ ነው» ይላል። ነገር ግን መልኩ እንዲህ የሆነው በጣም ደቃቅ አፈር በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው። ሰው ይዋኝበታል። ለመጠጥ ግን አይሆንም።

በዳርቻው የግራር ዛፎች አሉ። በምሥራቁ በኩል ደን አለ፤ በደኑ ውስጥ ጉሬዛ ይኖራል። ጦጣና ዝንጀሮም አሉ። ምግብ ተከፍቶ ካገኙ ሳያስፈቅዱ ይወስዳሉ! ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ጫፍ ይጮሃል። አባ ኮዳም በባሕሩ ዳር እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይራመዳል።

በሐይቁ ዳር ልዩ ልዩ ማረፊያዎች አሉ። በአንዳንዱ ትንንሽ ቤቶች ይከራያሉ። በአንዳንዱ ደግሞ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አለ። ገንዘብ ያለው ቤት ይከራያል። አቅሙ አነስ ያለ ድንኳን ይተክላል። ሐይቁና ጨረቃዋ ግን ለሁለቱም እኩል ናቸው።

ሦስት ቀን በሐይቁ ዳር

እኛም ባለፈው ክረምት በላንጋኖ ሦስት ቀን አረፍን። አባቴ፣ እናቴ፣ አያቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ታናሽ እህቴና እኔ ነበርን። ድንኳን ከጎረቤት ተውሰን በአውቶቡስ ሄድን። አያቴ የገጠር ሰው ናቸው። «ሥራ በሌለበት ቀን እንዴት ይመሻል?» ብለው እንዝርታቸውንና ጥጣቸውን ይዘው መጡ።

በመጀመሪያው ቀን ማንም ማረፍ አላወቀበትም። አባቴ ድንኳኑን ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሦስት ጊዜ ተከለ። ታናናሾቼ «አሁንስ ምን እናድርግ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አያቴ ይፈትላሉ። እናቴ እሳት አቀጣጥላ ሽንኩርት ትከትፋለች።

በሁለተኛው ቀን ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት ፀሐይ በአርሲ ተራሮች በኩል ስትወጣ አባቴ ወንድሜን ይዞ ውኃ ገባ። መንሳፈፍ ያሳየው ጀመር። አባታችን ዋና እንደሚችል ያወቅነው ያን ቀን ነው። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ወንዝ ውስጥ ተምሮት ኖሯል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር አልነገረኝም ነበር። መቼ ተቀምጠን አወራንና!

ረፋዱ ላይ አንድ የአካባቢው ወጣት ፈረስ ይዞ መጣ። ታናናሾቼ ተራ በተራ ተቀመጡ፤ አባቴም ዋጋውን ከፈለ። ቆይቶ ሁለት የሰፈሩ ሴቶች ወተት ይዘው መጡ። እነሱ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ አያቴ ደግሞ አማርኛ ብቻ ነው የሚችሉት። ሆኖም አንዷ እንዝርቱን አይታ እጇን ዘረጋች። አያቴ ሰጧት። እሷም በራሷ አገር አፈታተል ፈትላ አሳየቻቸው። ሦስቱም እየሳቁ ብዙ ቆዩ።

ማታ እሳት ዳር ተቀመጥን። እንቆቅልሽ ተጠያየቅን። አያቴ እንዴት እንዳገቡ፣ ሙሽራ ሆነው በምን በቅሎ እንደ ሄዱ አወሩልን። ይህን ታሪክ አባቴም ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን አያቴ እንዝርቱን ከከረጢት አላወጡትም። ከግራሩ ሥር ጋቢያቸውን አንጥፈው ውኃውን ሲያዩ ዋሉ። ለእራት ስንጠራቸው «እንዴ! መሸ እንዴ?» አሉ።

የእናት ዕረፍት

ስለ እናቴ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል።

በቤታችን በዓል ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አባት ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ልጆች ይጫወታሉ። እናት ግን ከሌሊት ጀምራ ትጋግራለች፣ ትወጠውጣለች፣ ታቀርባለች፣ ታጥባለች። በዓል ለሌላው የዕረፍት ቀን ነው፤ ለእናት ግን ከሌላው ቀን የባሰ የሥራ ቀን ነው።

በላንጋኖም በመጀመሪያው ቀን የሆነው ይኸው ነው። እናቴ ቤቷ ሆና የምትሠራውን ሥራ ሐይቅ ዳር ሆና ሠራች። ልዩነቱ ጭሱን ነፋስ መውሰዱ ብቻ ነው። ማታ አያቴ አባቴን እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ዕረፍት ነው ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ አመጣኸን። ይቺ ሴት የምታርፈው መቼ ነው?»

አባቴ ዝም አለ። በማግሥቱ ግን እሳቱን ያነደደው እሱ ነው። ወንድሜ ውኃ ቀዳ። እህቴና እኔ ድርቆሽ ፈረፈርን፣ በሶ በጠበጥን። ከዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ገዝተን ጠበስን። የመጀመሪያው ዓሣ ትንሽ አረረ፤ ሆኖም ተበላ። እናቴ እስከ ረፋድ ተኛች። እናቴ እስከ ረፋድ ስትተኛ ከዚያ በፊት ያየኋት ታማ ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። ከቤተሰቡ አንዱ እየሠራ ሌላው ቢቀመጥ፣ ቤተሰቡ አረፈ አይባልም። ሥራው ተካፍሎ ሁሉም ሲቀመጥ ነው ቤተሰብ አረፈ የሚባለው። ለዚህም የሚረዱ ምግቦች አሉን። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቆሎ ቀድመው ይዘጋጃሉ። ሁሉም ቤት ውስጥ እየተጋገዘ ካዘጋጃቸው በዕረፍቱ ቀን ምጣድ መጣድ አያስፈልግም።

ጎረቤቱ ሐይቅ

ከላንጋኖ በስተ ምዕራብ ሁለት ሐይቆች አሉ። አንዱ አቢጃታ፣ ሌላው ሻላ ይባላል። ሁለቱም በአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ብሔራዊ ፓርክ ማለት የዱር እንስሳት፣ ወፎችና ዛፎች እንዲጠበቁ መንግሥት የከለለው ቦታ ነው። ይህ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ተቋቋመ። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በድሮው ልክ ከ2,200 ጋሻ ይበልጣል። ሲቋቋም ከግማሹ በላይ ውኃ ነበር።

ሻላ በጣም ጥልቅ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። ቁመታቸው 20 ሜትር የሆነ 13 ዛፎች አንዱ በአንዱ ላይ ቢቆሙ እንኳ የላይኛው ጫፍ ከውኃው አይወጣም። በዳሩ ፍል ውኃ ይፈልቃል። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው እጃቸውን እንዳይከቱ ይጠንቀቅ።

አቢጃታ ግን ጥልቅ አይደለም። ውኃ የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ ነው። ሆራ ከሎ የሚባል ትንሽ ወንዝ ከላንጋኖ ውኃ ያመጣለታል። ቡልቡላ የሚባለው ወንዝ ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ ያመጣለታል። ስለዚህ ከላይ የተወሰደ ውኃ ከአቢጃታ ይጎድላል።

የሆነውም ይኸው ነው። ለመስኖ ከዝዋይና ከቡልቡላ ብዙ ውኃ ተጠለፈ። በአቢጃታ ዳርም የሶዳ ፋብሪካ ተቋቁሞ የሐይቁን ውኃ በፓምፕ ይስብ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 የአቢጃታ ስፋት 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ በ40 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጣ። ውኃው ሲያንስ ጨዉ በረታ። ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ።

ዓሣው ሲያልቅ ወፎቹ ተቸገሩ። ፔሊካን የሚባል ትልቅ ነጭ ወፍ አለ። ከመንቆሩ ሥር እንደ ከረጢት ያለ ቆዳ አለው፤ ዓሣ የሚይዘው በዚያ ነው። ይህ ወፍ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በሻላ ደሴቶች ላይ ነው። ምግቡን ግን ከአቢጃታ ያመጣ ነበር። ጓዳው ሲራቆትበት ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች መብረር ግድ ሆነበት።

ጥላውና ከሰሉ

በዚያ አካባቢ የግራር ዛፍም እየተመናመነ ነው። የሚቆረጠው ለእርሻ፣ ለማገዶና ለከሰል ነው። በትልቁ መንገድ ዳር ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት ተደርድሮ ይሸጣል። ገዢው ማን ነው? መንገደኛው ነው። ከሐይቁ የሚመለሰው የከተማ ሰውም ይገዛል። ሦስት ቀን ሙሉ ከግራሩ ጥላ ሥር አርፎ፣ ሲመለስ ግራሩን ከሰል አድርጎ ጭኖ ይሄዳል! በሚቀጥለው ዓመት የት ሊያርፍ ነው?

ከሰል የሚያከስለው ሰውስ? እሱ ዛፍ ጠልቶ አይደለም። ልጁ ደብተር ይፈልጋል። ከብቱ በድርቅ አልቆበት ይሆናል። ገንዘብ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ካላየ ያለውን ይሸጣል። «አትቁረጥ» ማለት ብቻውን እንጀራ አይሆነውም።

ሆኖም ሒሳቡን እናስላ። የተቆረጠ ዛፍ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። የቆመ ዛፍ ግን በየዓመቱ እንግዳ ያመጣል። እንግዳው ፈረስ ይከራያል፣ ጀልባ ይከራያል። መንገድ መሪ ይፈልጋል። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ይገዛል። ፈረስ ያመጣው ያ ወጣት የሚያገኘው ገንዘብ ከሐይቁና ከጥላው የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሐይቁን እንደ ራሱ ማሳ ይጠብቀዋል።

ይህ የሚሆነው ግን ጥቅሙ ለአካባቢው ሰው ሲደርስ ነው። የማረፊያው ባለቤት ሠራተኛውን ከሩቅ ካመጣ፣ ምግቡንም ከሩቅ ካስጫነ፣ ጎረቤቱ ምን ያገኛል? አጥር ብቻ ነው የሚያየው። አጥር ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ ላለው ዛፍ አያዝንም። የሚያርፈው ሰውና የአካባቢው ኗሪ አንዱ ያለ ሌላው አይሆኑም። ሁለቱም ከተጠቀሙ ሐይቁ ይኖራል።

እኛስ እንዴት እንረፍ?

«ላንጋኖ ሩቅ ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ለዕረፍት የግድ ላንጋኖ መሄድ የለብንም። በየአካባቢያችን ምንጭ አለ፣ ጅረት አለ፣ ትልቅ ዛፍ አለ። እህሉ ከገባ በኋላ አንድ ቀን መቁረጥ ይቻላል። ከብቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ ስንቅ ይዞ፣ ቤተሰቡን ሁሉ አስከትሎ መውጣት ነው። በሌላ ቀን ደግሞ እናንተ የጎረቤታችሁን ከብት ትጠብቃላችሁ። ደቦ ለሥራ ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ስትወጡ እነዚህን አትርሱ፦

1. የሚጠጣ ውኃ አፍልታችሁ ያዙ። የሐይቅና የወንዝ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም።

2. ወደማታውቁት ውኃ ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ብልሃርዝያ፣ አዞ ወይም ጉማሬ ያለበት ውኃ አለ።

3. ልጆች ብቻቸውን ውኃ ውስጥ አይግቡ። ነፋስ ሲነሣና ሞገድ ሲበረታ ሁሉም ይውጣ።

4. ቆላ የምታድሩ ከሆነ አጎበር ያዙ። ወባ የምትተላለፈው በትንኝ ነው።

5. እሳት አንድዳችሁ ስትሄዱ ውኃ አፍስሳችሁ አጥፉ። ፌስታልና ጠርሙስ ጥላችሁ አትሂዱ። ከብት ፌስታል ከበላ ሊሞት ይችላል።

6. እናትም ታርፋለች። ይህን ከሁሉ በፊት አስቡ!

እንወያይ

አንብባችሁ ስትጨርሱ በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩ። መልሳችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ።

ሀ. በእናንተ አካባቢ መሬት የሚያርፈው መቼ ነው? ሰውስ?

ለ. በቤታችሁ በበዓል ቀን የሚያርፈው ማን ነው? የማያርፈውስ?

ሐ. የአቢጃታ ሐይቅ ለምን ጎደለ? በአካባቢያችሁ እንዲህ የጎደለ ምንጭ ወይም ወንዝ አለ?

መ. በቀጣዩ ጥር አንድ የዕረፍት ቀን ብትቆርጡ የት ትሄዳላችሁ? ምን ስንቅ ትይዛላችሁ? ስንቁንስ ማን ያዘጋጃል?